ከመምሰል የተወለደች ቃል

እንግሊዞች ዘንድ አንዲት ቃል አለች፤
ላይክሊ ትባላለች።
ከ«መምሰል» ተወልዳ «መሆን» ደጅ ትውላለች፤
አትምልም፣ አትክድም፤
በሩን አንኳኩታ አትገባም፣ ተመልሳም አትሄድም።

መዝገበ ቃላቱ «ሳይሆን አይቀርም» ይላታል።
ደግ ነው፣ ስሕተት የለበትም፤
ግን ስካርሃቨን ወደብ ወርዶ አያውቅም፣
የሰሜን ባሕር ጨው ገጹን አልነካውም።

እዚያ ሸርጣን አጥማጆች ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ።
ቃሏም አብራቸው ትነሣለች፣
እንደ ነፋሱ ፊቷን ታዞራለች።

መጀመሪያ ማቲ ሮብሰን ላይ አረፈች።
በአሥራ አራት ዓመቱ፣ የተቆላለፈ ገመድ ሲፈታ እያዩት፣
ሽማግሌዎቹ ፒፓቸውን ከአፋቸው አውጥተው
«ላይክሊ ልጅ ነው» አሉት።
«ልጅ ሳይሆን አይቀርም» ማለታቸው እንዳይመስላችሁ፤
ልጅነቱማ መቼ አጠራጠረ!
ሰው ይወጣዋል፣ ነገ ያምርበታል፣ ማለታቸው ነበረ።

እናቱ ግን ያችኑ ቃል ገልብጣ ለበሰቻት።
በእኩለ ሌሊት፣ ጫማው አሸዋ፣ ትንፋሹ ቢራ ሆኖ፣
«የጆርዲ አክስት ታማ፣ ልጠይቅ ሄጄ…» ሲላት
«ላይክሊ ተረት!» አለችው፣ መብራቱን አጥፍታ።
ከልጅ ፊት ስትቆም ምርቃት፣
ከወሬ ፊት ስትቆም ሽሙጥ፤
ሰሟ «እውነት ይመስላል»፣
ወርቋ «ዓይኔ እያየ አትቅጠፍ»።

የራዲዮኑ ሰው ደግሞ ማለዳ ማለዳ
«ዝናብ ላይክሊ» ይላል፣ ድምፁ ሳይዛነፍ።
አጥማጆቹ ይከራከራሉ፤
ከመቶ ስልሳ ነው? የለም፣ ሰባ ነው፣ ይላሉ።
ዝናቡ ግን ሲመጣ
መቶ ከመቶ ያረጥባል።

ሄስተር ዓሣ ማጨሻ ቤት ነበረች የምትሠራው።
ማቲ አንድ ቅዳሜ ሬንጅ የነካ እጁን ኪሱ ከትቶ
«ታገቢኛለሽ?» አላት።
ሄሪንግ እየሰነጠቀች፣ ቀና ሳትል፣
«ኖት ላይክሊ!» አለችው፤
በእኛ ቢሆን «ሞቼ እገኛለሁ!» ነው።
ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ፤
በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ።
ተጋቡ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
የዓሣ ሽታ በተካፈለ አልጋ
ስለ ናፍጣ ዋጋ፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ ሲጨቃጨቁ ኖሩ።

የካቲት ላይ ባሕሩ ተነሣ።
«ፔሸንስ» የምትባለው ጀልባው አልተመለሰችም።
ሄሊኮፕተር ሁለት ቀን ፈልጎ
አንድ ቢጫ ጓንት አገኘ፤
የማንም ሊሆን የሚችል፣ የግራ እጅ ጓንት።

በሦስተኛው ቀን የጠረፍ ጠባቂው መጣ፣
ጺሙ ገና ያልጠነከረ፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ።
«ሞስት ላይክሊ…» አለና ቆመ።
ቃሏ በመካከላቸው፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣
እንደዚያ ጓንት ተቀመጠች።

ሄስተር ያን ጊዜ፣ ስድሳ ዓመት ስትናገራት ኖራ፣
ሆዷ ውስጥ ያለውን ሰማችው፤
መምሰልን።
«ምንን ነው የሚመስለው?» አለችው።
ልጁ ዝም።
«መሞትን ይመስላል ነው የምትለኝ፤
ሞተ አላልከኝም።»
«አላልኩም፣ እሜቴ» አለ፣
ጫማውንም አየ።
እውነተኛ ልጅ ነበር፤
ሽማግሌዎቹ ቢያዩት ላይክሊ ይሉት ነበር።

አሁን በየሚያዝያው ወደብ ቢሮ ትሄዳለች፤
የመልሕቅ ቦታውን የዓመት ኪራይ ትከፍላለች።
ባዶ ውኃ ነው የምትከራየው፣
አራት ክንድ በአሥር፣ ሲጋል የሚዋኝበት።
ዘንድሮ ጸሐፊዋ ዊኒፍሬድ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣
«ሄስተርዬ፣ ቦታ ፈላጊው በዝቷል፤
ለመዝገቡ ያህል ነው እንጂ፣
ፔሸንስ ትመለሳለች?» አለቻት።

ሄስተር ሳንቲሞቹን በጠረጴዛው ላይ እየደረደረች፣
ቀና ሳትል፣
«ኖት ላይክሊ» አለች።

ዊኒፍሬድ ገንዘቡን ቆጠረች፤ ሙሉ ነው።
ደረሰኝ ቆረጠችላት።